ስኪዞፍሬኒያና ከሰው ጋር መኖር፦ ከጎጃም ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም፤ ወንድሜ ከታመመ 11 ዓመቱ ነው፣ እዚህ የጻፍኩት ደብረ ማርቆስ በየወሩ የሚወጋውን የመድኃኒት መርፌ ወረፋ ላይ ቁጭ ብለን ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው።

ይሄ ሕመም ምንድን ነው? መተት ነው፣ ሰይጣን ነው ወይስ ሌላ?

ስኪዞፍሬኒያ የአእምሮ ሕመም ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ያሳድደኛል የሚል ጥርጣሬ ይይዛል፣ ሐሳብና ንግግር ይበታተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንድ ያህሉ አለበት ይላል። የገበያ ቀን ቡሬ ወይም ደጀን የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት፤ ስንት ቤተሰብ ነገሩን ደብቆ እንደያዘ ይገባችኋል። አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። የዘር ነገር አለ፣ ከባድ ጭንቀት አለ፣ ሐሺሽ አለ። የእናት እርግማን ግን የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንዶችን ብዙ ጊዜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይይዛል፤ ሴቶችን ትንሽ ዘግየት ብሎ። ይሄ እድሜ ሰው መኮራረፍና መታረቅ፣ ሥራ መጠየቅ፣ ለወደዳት ልጅ ሰላም ማለት የሚማርበት ነው። ስለዚህ የታመመው ልጃችሁ ላይ የጎደለው ነገር ሁሉ የጠፋበት አይደለም። አንዳንዱን ጭራሽ ሳይማረው ነው የታመመው።

ድሮ ተጫዋች ነበር፤ አሁን ጥግ ይዞ ይውላል። ስንፍና ነው እንዴ?

አይደለም። ሐኪሞች የዚህን ሕመም ምልክቶች ለሁለት ይከፍሏቸዋል። አንዱ የተጨመረ ነገር ነው፤ ድምፅ፣ ጥርጣሬ። ሁለተኛው የተቀነሰ ነገር ነው፤ ወሬ ይቀንሳል፣ ፍላጎት ይጠፋል፣ መታጠብና መልበስ እንኳ ተራራ ይሆናል። ሁለተኛው ስለማይጮኽ ማንም ሕመም አይለውም።

ወንድሜ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ጎተራው ሥር ይቀመጥ ነበር። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ "ተነስ፣ አንተ ሰነፍ!" አለችው። አንድም ቀን በዚህ ተነስቶ አያውቅም።

ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው። ለቅሶ ላይ እንኳ አያለቅስም። ስሜቱ ሞቷል ማለት ነው?

የለም። ተመራማሪዎች ይሄን ፈትነውታል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች የሚያስቅና የሚያሳዝን ፊልም አሳይተው ሲጠይቋቸው፣ ፊታቸው ብዙም ባይንቀሳቀስ ውስጣቸው የሚሰማቸው ከሌላው ሰው የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። በሩ ነው የተዘጋው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።

አክስታችን የሞተች ጊዜ ወንድሜ ደረቅ ዓይኑን ይዞ ቆመ። ሰው አማው። በሳምንቱ እሷ በሕይወት ሳለች እኛ ቤት ስትመጣ ትጠጣበት የነበረውን ስኒ አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ አገኘሁት። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም።

ደግሞ መድኃኒቱም ፊት ያደርቃል። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ አካሄዱ ከተገተረ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ ለሐኪሙ ንገሩ። መጠኑ ይስተካከላል ወይ መድኃኒቱ ይቀየራል። "ይሄማ ሕመሙ ነው" ብላችሁ ዝም አትበሉ።

የወሩን መርፌ አንድም ቀን አላለፈም። ታዲያ ለምን ከሰው አልተቀላቀለም?

መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ድምፁና ጥርጣሬው ላይ ነው። ለዝምታውና ለመራቁ የሚያደርገው ትንሽ ነው። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ጊዜ በከንቱ ጠበቅሁ። መርፌው መቋረጥ የለበትም፤ ከተቋረጠ ድምፁ ይመለሳል፣ ያኔ ልምምድ የሚባል ነገር አይታሰብም። ግን ከመርፌው ጎን ሌላ ሥራ አለ።

"የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና" የሚሉት ይሄንን ነው?

አዎ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮበርት ሊበርማን የሚባል የካሊፎርኒያ ሐኪምና ባልደረቦቹ ያስፋፉት መንገድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሰው ጋር መግባባት እንደ እርሻ በልምምድ የሚመጣ ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ወደ ትንንሽ ደረጃ ይሰነጣጠቃል። ልጅ ማረስ ሲማር በመጀመሪያው ቀን ጥማዱን አይሰጡትም፤ ሞፈር ያስይዙታል። አራት ነገር መሠረት ይባላል። ሰው ሲያወራ ማዳመጥ፣ የሚፈልጉትን መጠየቅ፣ ደስ ያለን ነገር መናገር፣ ቅር ያለን ነገር መናገር። አሠራሩም እንደዚህ ነው፦ መጀመሪያ እናንተ ሠርታችሁ ታሳያላችሁ፣ ከዚያ እሱ ይሞክራል፣ ጥሩ የሠራውን ለይታችሁ ታመሰግናላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ታርማላችሁ፣ ይደግመዋል፣ በማግሥቱ እውነተኛ ሰው ላይ ይሞክረዋል።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም" የሚል አይጠፋም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሶዶ ወረዳ ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው እየዞሩ ሕሙማንን በየቤታቸው ረዱ። ከዓመት በኋላ ሕክምናና የቤት ለቤት ድጋፉን አብረው ያገኙት፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ሶዶ ላይ ከሠራ ማቻከል ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እቤት ውስጥ ከምን እንጀምር?

ከሰላምታ። እኛ አገር ሰላምታ ቀላል እንዳይመስላችሁ። "እንዴት አደራችሁ" ተብሎ አያበቃም፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ለጤነኛ ሰው አፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ እየጮኸበት ለሚያዳምጥ ሰው ግን ፈተና ነው። ስለዚህ ሰነጠቅነው። የመጀመሪያው ሳምንት ራስን ቀና ማድረግ ብቻ። ዓይን ማየት ከከበደው ግንባር ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ድምፅ፤ ተሰሚ እንዲሆን። ቀጥሎ "እግዚአብሔር ይመስገን"። ከሁሉም የከበደው የመጨረሻዋ ቃል ነበረች፦ "እናንተስ?" መልሶ መጠየቅ። ሰው "ይሄ ልጅ ዘጋኝ" የሚለው እሷ ስትቀር ነው።

ለልምምዱ እኔ ጎረቤታችንን ሽማግሌ ሆኜ ዱላ ይዤ በበሩ ገባሁ። እሱ ብድግ ብሎ "ኖር!" ሊለኝ፣ እኔ "በእግዜር" ልለው ነው ነገሩ። ሦስተኛው ላይ ዱላዬ ተሰናክሎ ምጣዱ ላይ ልወድቅ ስል ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ሱቅ። "ግማሽ ኪሎ ጨው ስጠኝ፣ ስንት ነው?" ይኼው ነው ትምህርቱ። መጀመሪያ የሄድን ቀን ባለሱቁ እሱን ትቶ እኔን "ምን ይፈልጋል?" አለኝ። ይሄ በየቦታው ያጋጥማችኋል። እኔ ዞር ብዬ የተሰቀለውን ባልዲ መቁጠር ጀመርኩ። ዝምታው ሲረዝምበት ወደ ወንድሜ ዞረ። ጨውም መልስም ይዘን ተመለስን።

በቀን ስንት ሰዓት?

ሰዓት አያስፈልግም። 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ግን በየቀኑ። እሁድ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ማስጠናት አድክሞ ያስጠላዋል። "ዛሬ አልፈልግም" ካለ ይለፍ። መርፌ በተወጋ ማግሥት ከተኛም ይተኛ።

"ምን ሆንክ?" ስንለው "ምንም" ይላል። ስሜቱን እንዲናገር እንዴት እናድርግ?

መጀመሪያ "ምን ሆንክ?" የሚለውን ተዉት። እኛ ቤት ይሄ ጥያቄ ክስ ነው የሚመስለው። ይልቅ ምርጫ ስጡት፦ "ተናደህ ነው ወይስ ደብሮህ ነው?" ከሁለት አንዱን መምረጥ ከባዶ ከመፈለግ ይቀላል። አማርኛ ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆዴ ባሰ፣ ጨነቀኝ፣ አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ አኮረፍኩ። ሁሉም የተለያዩ ናቸው። እኛ በሳምንት አንድ ቃል ያዝን። የ"ሆዴ ባሰ" ሳምንት እናቴም፣ እኔም፣ እሱም በምን ሆዳችን እንደባሰ ተናገርን። እናቴ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ግን 60 ዓመት ሙሉ የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ ገባኝ።

ቃሉ ካስቸገረ ከሰውነት ጀምሩ። ደረትህ ከብዶሃል? ሆድህ ተላውሷል? እጅህ ላበው? ሰውነቱን ከለየ ቃሉ ይከተላል።

ቀጥሎ ቅሬታን መናገር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስተማርነው፦ "እንዲህ ስታደርጉ ቅር ይለኛል፤ እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።" ከወራት በኋላ አንድ ማታ እራት ላይ "እታለም፣ ሰው ፊት 'ኪኒንህን ዋጥክ?' ስትዪኝ ቅር ይለኛል። ለብቻዬ ብትጠይቂኝ ደስ ይለኛል" አለኝ። ለአራት ዓመት እንዲያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ይሄ ዓይነቱን ንግግር ስታስተምሩ፣ የመጀመሪያው ተወቃሽ እናንተው እንደምትሆኑ ተዘጋጁ።

ሰዎች ሲስቁ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። ቀልድም አይገባውም።

ይሄ ሕመም የሰውን ፊት ማንበብና የንግግርን ውስጠ ወይራ መረዳት ያዳክማል። ጎጃም ደግሞ አስቡት! የቅኔ ትምህርት ቤቱ ዋሸራ ያለበት፣ ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ነው። ሰሙን ተናግረን ወርቁን የምንደብቅ፣ ፊት ለፊት ከምንቆጣ አሽሙር የሚቀናን ሰዎች ነን። ሁሉም ሲስቅ እሱ ብቻ ሰሙ ላይ ቀርቷል። ከዚያ "በእኔ ነው" ቢል ምን ይገርማል?

ስለዚህ ቤት ውስጥ አሽሙርና አግቦ ይቅር። የምትፈልጉትን በቀጥታ ተናገሩ። ለልምምድ ደግሞ የቤተሰብ ፎቶ አውጡ፤ ስልክ ላይ ያለውም ይሆናል። "ይሄ ሰው ምን ተሰምቶታል? በምን አወቅክ?" በሉት። ቅንድቡን፣ አፉን፣ ትከሻውን ያሳያችሁ። የሠርግ ፎቶ ከሁሉ ይሻላል፤ ሙሽራዋ ታዝናለች፣ ሚዜው ይስቃል፣ አማቲቱ ትገላምጣለች።

ለሳቁ ነገር እኛ የምንሠራው ሦስት ምክንያት መፈለግ ነው። ሰዎቹ ለምን ሳቁ? አንድ፣ በእኔ። እሺ፣ ይሁን። ሁለተኛስ? ሦስተኛስ? "በእኔ ነው" የሚለውን ተከራክራችሁ አታስጥሉትም። ሌላ ሁለት ምክንያት አጠገቡ ካስቀመጣችሁ ግን ብቻውን አይነግሥም።

ድምፁ እንዲህ አለኝ ሲለን ምን እንመልስ?

"ውሸት ነው" አትበሉት፣ "እኔም ሰማሁ" አትበሉት። "እኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ። ያስፈራል አይደል?" በሉት። ከዚያ እጁን ሥራ አስይዙት፤ ጥጥ መፍተል ይሁን እንጨት መፍለጥ። ድምፁ ራስህን ግደል ወይም ሰው ምታ ካለው ግን ወሬ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። በዚህ ሕመም ራስን የማጥፋት አደጋ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ገመዱን፣ የተባይ መድኃኒቱን፣ መጥረቢያውን ከዓይን አርቁ። ብቻውን አይደር።

ጎጃም ውስጥ ወዴት እንሂድ?

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፣ ደብረ ማርቆስም ሆስፒታሉ አለ። ቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ላይ የሠለጠነ ነርስ አለ። ክትትሉ ለቤት በቀረበ ቁጥር አይቋረጥም። የትራንስፖርት ብር ስላጣ መርፌ ያለፈው ስንቱ ነው! ስትሄዱም "ይተኛል? ይበላል?" ላይ አትቁሙ። "ከሰው ጋር እንዲቀላቀል ምን እናድርግ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ካልጠየቅሁ ማንም አልነገረኝም።

ጠበል ላይ ነን። መድኃኒቱን እናቁም?

አታቁሙ። ጠበሉንም አትተዉ፣ መድኃኒቱንም አትተዉ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር መወሰድ እንደሚችል በፓትርያርክነት ዘመናቸው ተናግረዋል፤ ለዚህኛውም የሚለይ ነገር አይታየኝም። ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ የሚረዱ ካህናት ብዙ ናቸው። ጠበል ቦታው ራሱ ሰው የሚያወራበት፣ ወረፋ የሚጠበቅበት ቦታ ስለሆነ ለልምምድም ይጠቅማል። ማሰርና መግረፍ ካለ ግን ይዛችሁት ውጡ።

እኛም ሰው ነን፣ እንናደዳለን። ቤተሰብ ሕመሙን ያባብሳል የሚሉት እውነት ነው?

ቤተሰብ ሕመሙን አያመጣም። ማገርሸቱ ላይ ግን የቤቱ አየር ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለንደን ላይ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ተከታተለ። ከእሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ አገኙ፤ ነቀፋ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ መጨነቅ የበዛበት ቤት ውስጥ ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል።

ነቀፋውን ሁሉም ያውቀዋል። ሦስተኛው ነው የሚያሳስተን። እናቴ መሳደቡን ስትተው በሌላ በኩል መጣች፤ በየምግቡ ታጎርሰው፣ ጫማውን ታስርለት፣ ሰው ሲጠይቀው እሷ ትመልስለት ጀመር። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ 30 ዓመት የሞላውን ሰው በየእራቱ ማጉረስ ግን "አትችልም" ማለት ነው። አሁን በበዓል ብቻ ታጎርሰዋለች። ለእሷ ከልምምዶች ሁሉ የከበደው ይሄ ነበር።

መናደዱ አይቀርም። ስትናደዱ "አንተ ሁልጊዜ..." ብላችሁ አትጀምሩ። የዛሬዋን ነገር ብቻ ተናገሩ። ካልሆነላችሁ ደጅ ውጡና ተመለሱ።

ለቅሶና ሠርግ ይዘነው እንሂድ ወይስ ይቅር?

ይሂድ፤ ግን ተዘጋጅታችሁ። ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ሲበቃው ምን ምልክት እንደሚሰጣችሁ ተነጋገሩ። የእኛ ምልክት ኮፍያውን ማውለቅ ነው። ከሁሉም በላይ ሥራ ይኑረው። እድሩ ድንኳን ሲተክል ገመድ መያዝ፣ አግዳሚ መሸከም፣ ውኃ ማቅረብ። ወንፈልም እንደዚያው ነው። አብሮ መሥራት ብዙ ወሬ ሳይጠይቅ ከሰው ያቀላቅላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ይከብዳል። አረቄውን ግን ቀድማችሁ አስቡበት። "ትንሽ ቅመስ" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ "መድኃኒት ላይ ነኝ" ማለትን ቤት ውስጥ አለማምዱት። ጫትም ያው ነው።

"ሚስት ቢያገባ ይሻለዋል" ይሉናል። ይሻለዋል?

ትዳር መድኃኒት አይደለም። ሰው ሕመሙን ደብቆ ልጁን ድሮ፣ መርፌውንም ደብቆ አስቋርጦ፣ በወራት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ሲፈርስ አይቻለሁ። ልጅቷ ማወቅ አለባት፤ ከእሱ አፍ ቢሆን ይመረጣል። ይሄ ራሱ ልምምድ የሚጠይቅ ንግግር ነው።

ግን "እሱማ አያገባም" ማለትም ስህተት ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ይወዳሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። እሱ ራሱ ይፈልጋል ወይ? መጀመሪያ ይሄ ይጠየቅ። የታመመችው ሴት ከሆነች እርግዝናና መድኃኒቱን በተመለከተ ሳታረግዝ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ። ለወንድሜ ዘመዶች አንዲት ልጅ አምጥተው ነበር። ሁላችንም ስናወራ እሱ "እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለ። ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ወደ ድሮው ሰው ይመለሳል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ሰው ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ መዳን እንደሚችል ይናገራል። የቀሩትም ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ ሲሻሻልም ሲንሸራተትም ይከርማል። የእኔ ወንድም ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም። ገበያ አሁንም አይወጣም፤ ጫጫታው ይከብደዋል። ሱቅ ግን ብቻውን ይሄዳል። እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ድሮ አቦሉ ሳይቀዳ ይነሳ ነበር። አሁን እስከ ቶና ይቀመጣል። በረካው ሲመጣ ስኒውን እጁ ላይ ከድኖ "በቃኝ፣ እናመሰግናለን" ብሎ ይወጣል።